የእሜቴ ትርንጎ ሌላኛው ዓይን

ሥዕል የተውሁት በጊዮርጊስ ፈረስ እግር ምክንያት ነው። ዓይኔ መፍዘዝ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም ነበር። ባለፈው ዓመት የደብራችን አለቃ ቀለሙ የለቀቀውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንዳድስ ጠሩኝ። ከፈረሱ የፊት እግሮች አንደኛው ደብዝዞ ስለ ነበር መሰላል ላይ ወጥቼ እንደ ገና ሣልሁት። ጨርሼ ስወርድ አለቃው ግድግዳው ሥር ቆመው በጣታቸው ሲቈጥሩ አገኘኋቸው።

«ተክሌ፣ ይህ ፈረስ ስንት እግር አለው?» አሉኝ።

«አራት ነዋ፣ አባቴ።»

«እስቲ ቀረብ ብለህ ቍጠር።»

ቀርቤ ቈጠርሁ። አምስት ሆነ። ጠፋ ያልሁት አሮጌው እግር ከአዲሱ ጎን ደልደል ብሎ ቆሟል። በአምስት እግር ቢጋልብ ዘንዶው ላይ ቶሎ ይደርሳል ብዬ ልከራከር አሰብሁ፤ የአለቃው ፊት ግን ለክርክር አልተመቸኝም። «እንግዲህ ይረፉ» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንተ ሲሉኝ ኖረዋል። አንቱ ሲሉኝ ነው ሥራዬ ማለቁ የገባኝ።

አሁን ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ እውላለሁ። ጎረቤቱም መንገደኛውም ልጆቼም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሴ ውሃ ስለሚባለው ፈረንጅና ስለ እሜቴ ትርንጎ ሥዕል። ስንቱን ቤተ ክርስቲያን ከወለል እስከ ጣራ የሣልሁ ሰው ነኝ፤ ስለሱ የሚጠይቀኝ የለም። እንግዲያው ከመጀመሪያው ልናገረው።

ሙያውን ያስተማሩኝ የኔታ ቢሰጥ ናቸው። በደብረ ታቦርና በጉና ግርጌ ካሉት ደብሮች እሳቸው ያልሣሉበት ጥቂት ነው። ቀለም የሚለኩት በምላሳቸው ነበር። ጥቁሩ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ነው፤ ቀዩ ከገደል የሚቈፈር አፈር ነው፤ ሰማያዊውን ነጋዴ ከባሕር በኩል ያመጣዋል። ሁሉንም የሚይዘው እንቁላል የተጨመረበት፣ ከበሬ ቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ነው። ሙጫው ከበዛ ቀለሙ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ ደግሞ ምእመን ሥዕሉን በተሳለመ ቍጥር ቀለሙ ከንፈሩ ላይ ይቀራል። የኔታ ልኩን የሚያውቁት ጣታቸውን ነክረው በመላስ ነው። ስለዚህ የዕለቱ ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ እኛ ተማሪዎቹ እንደምን አደሩ ብለን አፋቸውን ማየት ይበቃን ነበር። ምላሳቸው ሰማያዊ ከሆነ የእመቤታችን ልብስ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ሲኦል ነው። ቢጫውን ብቻ አይቀምሱም፤ መርዝ አለበት። «ቢጫ የሚቀምስ መምህር ነበረኝ» ብለው ይጀምሩና ዝም ይላሉ። ቀጥሎ የሆነውን ነግረውን አያውቁም።

ሌላው ልማዳቸው ቆሎ ነው። ነገር ሲጠናባቸው ከኩታቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ፈትተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቈረጥማሉ። ቆሎው ሳያልቅ መልስ የለም። አንዳንድ ጊዜ ቆሎው አልቆም መልስ አይገኝም፤ ያን ጊዜ ሌላ ቆሎ ይመጣል።

በዓይን ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። ዓይን የሚሣለው ከሁሉ በኋላ ነው፤ በዚያ ቀን እህል ሳይቀምሱ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ መሰላል ይወጣሉ። ሕጉንም አጥብቀው አስተማሩን። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ጌታን የሰቀሉት ጭፍሮች በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን ዓይን ቈጥሮ ደጉን ከክፉው ይለያል።

በዚያ ዘመን ንጉሡ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ነበር። ጋፋት ላይ ፈረንጆች ብረት እያቀለጡ መድፍ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ፈረንጅ ሁሉ ብረት ያውቃል ተብሎ ይታመናል። የፈረንጆቹን ቀለብና ጉዳይ የሚያዩት አዛዥ ጓሉ የሚባሉ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ጨዋታ የማይወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን እኔና የኔታ ያዘዙንን የጸሎት ሥዕል ልናስረክብ ከደጃቸው ቆመን ሳለን፣ ጢሙ ቀይ የሆነ፣ የእንጨት ሰሌዳ በጀርባው ያዘለ አዲስ ፈረንጅ እፊታቸው ቀረበ።

«መድፍ ታውቃለህ?» አሉት አዛዡ።

«አላውቅም።»

«ጠበንጃስ?»

«አላውቅም።»

«መድኃኒትስ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ታውቃለህ?»

«ሥዕል።»

«ሥዕልማ እኛም እናውቃለን» አሉ አዛዡ ቅር ብሏቸው።

«ተራራ እሥላለሁ፤ ቤት እሥላለሁ» አለ ፈረንጁ። «አንቺንም እሥላለሁ።»

የቆመው አሽከር ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ አማርኛ የተማረው ምጽዋ ላይ የቀጠራት ወጥ ቤቱ አጠገብ እየዋለ ነው። ሰው ሁሉ እሷን አንቺ ሲላት ስለ ሰማ ሌላ መጠሪያ ያለ አልመሰለውም። መኳንንቱንም ቄሱንም በቅሎውንም አንቺ ይላል። አዛዡ ፈረንጅ መሆኑን አስበው መሰለኝ አለፉት። የንጉሡ ፈቃድ ስላለው አገሩን እየዞረ ይሣል፤ ምሽግና የጦር ሰፈር እንዳይሥል ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይከተለው አሉና ወደ የኔታ ዞሩ።

«እኔ አርጅቻለሁ» አሉ የኔታ። «ይህ ተክሌ ይሂድ። ቀለም ያውቃል። አፉም አያርፍምና ያየውን ሁሉ ሳይጠየቅ ይነግርዎታል።»

እንዲህ ሆኖ ነው የፈረንጅ ጠባቂና ቀለም በጥባጭ የሆንሁት።

በጥባጭ መባሌ ለስሙ ነው። ቀለሙ በትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንደ አሞሌ ስባሪ ደርቆ ተደርድሯል። «ሙጫውስ?» ብዬ ጠየቅሁ። የለም አለ። «እንቁላሉስ?» እሱም የለም። ብሩሹን ውሃ ነክሮ የደረቀውን ቀለም ይነካካና ወረቀቱ ላይ ይለቀዋል፤ ያለው ውሃ ብቻ ነው። አገሬው ሙሴ ውሃ ያለው ለዚህ ነው። «ነጩስ የት አለ?» ስለው ወረቀቱን አሳየኝ። ደመና ሲሥል በዙሪያው ያለውን ሰማይ ይቀባና ደመናውን ይተወዋል። እኛ ዘንድ ግድግዳ ላይ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቢቀር ገበዙ ሥራው አላለቀም ብሎ ይሟገታል። ስለዚህ መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ጉና ላይ አንድ ጠዋት ከገብሱ ማሳ ላይ ጭጋግ ሲነሣ ሣለ። ጭጋጉ ብሩሽ ሳይነካው ወረቀቱ ላይ ሲነሣ ባየሁ ጊዜ አፌን ዘጋሁ።

የጉና ብርድ ግን ለውሃ ሥዕል አይሆንም። የብሩሹ ውሃ ዋንጫው ውስጥ እያለ ይረጋል። ሙሴ ውሃ መላ አገኘና አረቄ ጨመረበት። ችግሩ መጠጫ ዋንጫውም እዚያው አጠገቡ መሆኑ ነው። ሥራ ሲይዘው የቱ የቱ እንደ ሆነ አይለይም፤ ብሩሹን መጠጫው ውስጥ ያጥባል፤ ከብሩሹ ውሃ ይጎነጫል። ወደ ቀትር ሲሆን የሣላቸው ተራሮች ትንሽ ትንሽ ያዘነብላሉ፤ ጥርሱም ሰማያዊ ይሆናል። የኔታ ቢያዩት ዘመዴ ነው ይሉት ነበር።

የኔ ዋና ሥራ ማስታረቅ ሆነ። አንበሳሜ ገበያ ላይ ከፊቱ ዶሮ ሻጮችን፣ ከሩቅ ደግሞ የከብቱን ተራ ሣለ። አንድ ገበሬ ከትከሻው በላይ ተንጠራርቶ አየና በሬውን ለየው።

«ይህ የኔ በሬ ነው?»

«አዎ» አልሁት።

«በሬዬ ከዶሮ ያንሳል ወይ?»

«ሩቅ ስለ ሆነ ነው፣ ወንድሜ።»

«ሩቅ አይደለም። ያውና፣ እዚያ ቆሟል።» ሰው ተሰበሰበ። ሊገዛ የመጣ ሰው ይህን ሥዕል ቢያይ ምን ይላል ብሎ ባለ በሬው ያዘኝ። በመጨረሻ ገበሬው ራሱ በሬውን እየጎተተ አመጣና ከዶሮዎቹ ፊት አቆመው። ሙሴ ውሃም እየሣቀ አንድ ወረቀት ሙሉ በሬ ሣለለት። ሰውየው ቀንዱን በጣቱ ለክቶ ሲያበቃ ነው የለቀቀን።

እንዲህ እያልን ዓመት ያህል ዞርን። የሠራው ሁሉ በአንድ የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል፤ የጉና ጭጋግ፣ የጋፋት ጎጆዎች፣ ቀሳውስት፣ ወፎች፣ ያ በሬ። ወደ አገሩ ለመመለስ የሚጠብቀው የአዛዡን መሰናበቻ ብቻ ነበር። አዛዡም ከመሄዱ በፊት እናቴን ይሣልልኝ አሉ።

የአዛዡ እናት እሜቴ ትርንጎ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ግራ ዓይናቸውን ወስዶታል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን በዚያ ግቢ ዓይን የሚለውን ቃል አንደበቱ የሚያወጣ የለም። አዛዡ ከልክለዋል። አዲስ አሽከር ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው። ነገሩ ጠንቶ ሰዉ ምን ዓይነት ማለትም ፈራ። የወጥ ቤቷ ሴት፣ «ዛሬ ምን… ምን የመሰለ ወጥ ይሠራ?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እሜቴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አውድማው ላይ ገብስ ሲወቃ ያያሉ። ሙሴ ውሃ ሰሌዳውን ሲዘረጋ ቀኝ ጉንጫቸውን ሰጡትና «በዚህ በኩል» አሉ።

«ጥሩ ነው። አንቺ አትነቃነቂ» አለ።

አሽከሮቹ ቀዘቀዙ። የእሜቴ ከንፈር ጫፍ ግን ትንሽ ከፍ አለ። እሱም ያችን ከንፈር በብሩሹ ያዛት። ነጠላቸውን ባዶ ወረቀት አድርጎ ተወው፤ በአንድ ፈዛዛ መሥመር ብቻ እጥፋቱን አሳየ። ደህናው ዓይን አውድማውን ሲመለከት፣ ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚለግም ለይቶ የሚያውቅ ይመስላል። ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠው እሱ ነው ብዬ አሁንም እምላለሁ።

አዛዡ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ሌላኛው የት አለ?» አሉ።

«ሌላኛው ምን፣ ጌታዬ?» አልሁ፤ ምኑን እንደሆነ ግን ገብቶኛል።

«ሌላኛው።»

«ሌላኛውማ… በወዲያኛው በኩል ነው፣ ጌታዬ።»

አዛዡ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው። ወደ ፀሐይም አንሥተው አዩት። «የለም» አሉ።

«እሜቴ ራሳቸው ናቸው በዚህ በኩል ያሉት፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

ምክንያቱን ልናገር ብል ቃሉ ከአፌ መውጣት አለበት። አዛዡ ፊታቸው ጠቈረ። «በጎን የሚሣል ማን እንደ ሆነ አንተ ሠዓሊ ነህ፤ ታውቃለህ። እናቴን ከይሁዳ ጋር ቈጠራችኋት። ሌላኛውን ጨምሩበት።»

ሙሴ ውሃ እጁን አጣመረ። «ሥዕሉ አልቋል። አንቺ አልገባሽም» አለ።

በዚያው ቀን ወደ ጋፋት ተወሰደ። ብረት ባያውቅም ወናፍ ይንፋ ተባለ። ሣጥኑ በአዛዡ ግቢ ተቈለፈበት። እስከ ሆሣዕና ድረስ ሥዕሉ ካልተስተካከለ ሣጥኑ እንዳለ ይቃጠላል፤ እኔም በእግር ብረት እታሰራለሁ። ማስተካከሉ የኔ ድርሻ ሆነ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ያበላሸሁት የለም። ወረቀት ግድግዳ አይደለም። በሙጫና በእንቁላል የበጠበጥሁትን ቀለም ሳሳርፍበት ጨማደደ፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጠቀ። ግራውን ዓይን እንደ ሕጉ ክብ አድርጌ፣ ብሌኑን አጥቍሬ ከአፍንጫው ማዶ አስቀመጥሁት። ፊቱ ወደ ቀኝ ያያል፤ አዲሱ ዓይን ወደ እኔ ያያል። ዓይኑ የቆመበት ቦታ ጉንጭ ስለሌለው ጉንጭ ጨመርሁለት። ጉንጩ ሲመጣ አፍንጫው ዳር ቀረ፤ አፍንጫውን ወደ መኻል ሳብሁት። አሮጌው አፍንጫ ግን አልጠፋም። ከንፈሩን ለማስማማት ስሞክር ያች ቀና ያለች ጫፍ ከቀለሙ ሥር ተቀበረች። ስጨርስ፣ ሁለት አፍንጫ ያላት፣ በድንገት ከእንቅልፏ የተቀሰቀሰች ሴትዮ ታየኛለች።

ይዤው ጋፋት ወረድሁ። ሙሴ ውሃ ጥላሸት ለብሶ ወናፉን ይነፋል። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሥዕሉን ተቀበለኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይቈጣል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይህች ሴት ታማለች» አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ መለሰልኝና ወደ ወናፉ ዞረ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ የኔታ ሄድሁ። ቆሏቸውን ፈቱ። ቈረጠሙ። መኻል ላይ ጣታቸውን አርሰው አዲሱን ዓይን ነካ አደረጉና ላሱት።

«እንቁላል አብዝተሃል» አሉ። ቆሎው አለቀ። «ፊቱ የማን ነው?»

«የእሜቴ።»

«ታዲያ ለምን ለኔ ታሳየኛለህ? ለባለ ፊቷ ወስደህ አሳይ።»

«ሲጠይቁኝ ቃሉን እንዴት አወጣዋለሁ፣ የኔታ?»

«እኔ አወጣዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርጉኛል?» ብለው መቋሚያቸውን አነሡ።

እሜቴ ፊት ስንቀርብ የየኔታ ድፍረት በመንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። «ነገሩ እንዴት መሰለዎት፣ እሜቴ» ብለው ጀመሩ። «ሠዓሊ ሲሥል… አንዱ ወገን ሲታይ፣ ያኛው ወገን… እግዚአብሔር ሲፈጥር ደግሞ ሁሉን ሁለት ሁለት…» ምላሳቸው በዚያ ቀን ሰማያዊ ነበር፤ እሜቴ እሱን አተኵረው ያያሉ።

«ዓይኔን ነው የሚሉት?» አሉ እሜቴ።

ጠላ ይዛ የምትገባው ሴት ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቃሉን ሰማች፤ ጋኑ ይሁን እንስራው ምኑ እንደ ሆነ ሳናይ ከውጭ ሲሰበር ብቻ ሰማን።

ሥዕሉን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያለቅሳሉ ብዬ ደነገጥሁ። እየሣቁ ነበር። እስኪያንፈራፍራቸው ሣቁና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ቀኙንም ግራውንም። የታወረውም ዓይን ለካ እንደ ደህናው እንባ ያወጣል።

«ልጄ ጡት ሳይጥል ይህን ዓይኔን አይቶ አንድ ቀን በድንጋጤ አለቀሰ» አሉን ሲረጋጉ። «ከዚያ ወዲህ በቀኜ ብቻ አቅፌ አሳደግሁት። ጎልምሶ ሲሾም ደግሞ እኔ የማዝን መስሎት ቃሉን ከቤቴ አስወጣው። እኔ ለሱ ስል ዝም አልሁ። እሱም ለኔ ሲል ዝም አለ። እንዲህ ሆነን አረጀን።» ሥዕሉን አጠፍ አድርገው ከጎናቸው አስቀመጡ። «ያ ፈረንጅ ይምጣ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አንቺ ብሎ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው።»

የእሜቴን ቃል ማን ይመልሳል? ሙሴ ውሃ በማግስቱ ከነጥላሸቱ መጣ። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ አስዞሩ፤ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ወደ ኋላ መለሱና ሙሉ ፊታቸውን ሰጡት። «እንዳለሁ ሣለኝ» አሉ። እሱም ሣለ። የኔታ ከኋላው ቆመው የብሩሹን አካሄድ ይከተላሉ፤ ደስ ሲላቸው አፋቸውን ያጣጥማሉ።

ሥራው ሲጋመስ አዛዡ ወሬ ደርሷቸው ገቡ። በሩ ላይ ቆሙ።

«እናቴ፣ በዚያኛው በኩል ይዙሩ እንጂ» አሉ።

«ለምን፣ ልጄ?»

አዛዡ ያን ወፍራም ድምፃቸውን ጠረጉ፣ ጠረጉና፣ «ዓይንዎ…» አሉ።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

አዛዡ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገቡ። ያን የሚያህል ሰው፣ ወታደር የሚርበተበትለት ሰው፣ ልክ እንደ ልጅ ሆነው፣ «ያመዎታል?» ብለው ጠየቁ።

«አያመኝም» አሉ እሜቴ። «ብርድ ሲሆን ያሳክከኛል እንጂ።»

«እኔ ያመዎታል ብዬ ነበር።»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

አዛዡ እዚያው ቆመው ቀሩ። ሙሴ ውሃ ብሩሹን አነሣና፣ «አንቺ፣ ከብርሃኑ ዞር በይ» አላቸው። አዛዡም ዞር አሉ። ከእናታቸው እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ሥራው እስኪያልቅ አልተነሡም።

ሙሴ ውሃ ያን ፊት ሁለት ጊዜ ሣለው፤ አንዱን ለአዛዡ ቤት፣ አንዱን ለራሱ። ሣጥኑ ተመለሰለት፤ በቅሎና ስንቅ ታዘዘለት። እኔ ያበላሸሁትንም ለምኖ ወሰደው፤ ለምን እንደ ሆነ አልነገረኝም። ርብ ወንዝ ድረስ ሸኘሁት። መሻገሪያው ላይ ሣጥኑን በቅሎ ላይ መጫን እምቢ አለና ራሱ ላይ ተሸክሞ ወገቡ ድረስ ውሃ ገባ። አንዲት ጠብታ ብትነካው የዓመት ድካሙ ታጥቦ ይሄዳልና ወዲያ ማዶ እስኪወጣ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆምሁ። ወጥቶ ሣጥኑን ደረቅ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጥ እጁን አነሣልኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ከብዙ ዘመን በኋላ በዚህ ያለፈ ሌላ ፈረንጅ፣ ሥዕሎቹ በአገራቸው የቆየ ዕቃና ሥዕል ብቻ በሚቀመጥበት ትልቅ ቤት ውስጥ እንዳሉ ነገረኝ። ብርሃን እንዳያፈዝዛቸው በመሳቢያ ተከድነው ነው የሚኖሩት፤ ማየት የፈለገ አስፈቅዶ፣ እጁን ታጥቦ ያያል አለኝ። የጉና ጭጋግ በመሳቢያ ውስጥ መሆኑ ትንሽ ከነከነኝ። እጅ መታጠባቸው ግን ደስ አሰኘኝ።

እሜቴ ከዚያ በኋላ ጉና ግርጌ ላለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የማሠራቱን ወጪ ቻሉ። ሥራውን የያዝነው እኔና የኔታ ነን። እንደ ወጉ አሠሪዋ ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክከው ይሣላሉ። ፊታቸውን ጨርሼ ዓይኑ ሲቀር ብሩሹን ለየኔታ ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም። «አንተ አይተሃቸዋል» አሉኝና መሰላሉን ያዙልኝ። ፊታቸውን እንደ ጻድቅ ወደ እኛ አዙሬ፣ ቀኙን ዓይን ገልጬ፣ ግራውን ጨፍኜ ሣልሁት። ገበዙ መጥተው አዩ፤ ሕጉን አሰቡ፤ አሠሪዋንም አሰቡና ወጥተው ሄዱ።

መዘዙ የመጣው ከዚያ ነው። ወሬው አካባቢውን ሲያዳርስ፣ ለቤተ ክርስቲያኒቱ እህልም ጉልበትም የሰጠው ሰው ሁሉ በጻድቃን መኻል እንዳለሁ ሣለኝ እያለ መጣ። አንዱ ጥርሴ ወላቃ መሆኑ አይቅር አለ። አንዲት እመት እንቅርታቸውን ገልጠው፣ «ይህንም አድርግልኝ፤ ያለሱ ማን ያውቀኛል?» አሉኝ። አንድ አንካሳ ሽማግሌ እግሩ እንዲታይለት በጻድቃኑ የፊት ረድፍ ቦታ ጠየቀ። የኔታ ቆሎ እየቈረጠሙ ሁሉንም ፈቀዱ። ገበዙ አንድ ቀን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱና፣ «ገነትን እኮ የሕሙማን ማረፊያ አደረጋችሁት» አሉ። ግን አላስፋቁትም። የገዛ ወንድማቸው ከመኻል ነበር፤ ከነጉብጠቱ።

የኔታ አርፈዋል። እሜቴም አርፈዋል፤ አዛዡም እንዲሁ። ግድግዳው ግን ቆሟል፤ ቀለሙም አልለቀቀም፤ እንቁላሉን አሳንሼ ነበር። አምና ዓይኔ ጨርሶ ሳይደክም ልሰናበተው ብዬ ሄጄ፣ ከጻድቃኑ ሥር በመቋሚያዬ ተደግፌ ቆምሁ። አንዲት ወጣት ሴት ልጇን አዝላ ገባች። እኔን አላወቀችኝም። ግድግዳውን ፊት በፊት እየለየች ፈለገችና እንቅርት ካላቸው እመት ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ልጁን ከጀርባዋ አወረደችውና ከፍ አድርጋ አንሥታ ወደ ሥዕሉ አስጠጋችው።

«አያቴ እኚህ ናቸው» አለችው። «ሳም።»

ልጁም አንገታቸው ላይ ሳማቸው።